የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ የት ትኖራለች?

ዓመት ቈይቶ ከዘመድ ቤት ብቅ ያለ ሰው በሀገራችን አነጋገር «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አደይ አበባም ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር የተጐናጸፈችው ወፍ ከሣሩ ጫፍ ላይ ትታያለች፤ ጥቂት ሰንብታም ትሰወራለች። «ከወዴት መጣች? ወዴትስ ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በየቤቱ አይታጣም። ወላጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ «ወቅቷ አልፎ ሄደች» ከማለት በቀር የሚሰጡት መልስ የላቸውም።

ነገሩን የመረመሩ የአዕዋፍ ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ የሚያስገርም ነው። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም ለአንዲት ወፍ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በዚያ ወራት ለሚደምቁ ልዩ ልዩ ትንንሽ ወፎች የወጣ የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነርሱም የሚደምቀው ወንዱ ነው። የመራቢያው ወራት ሲደርስ ላባውን ለውጦ ያጌጣል፤ ከእነርሱም መካከል ጅራቱን የሚያስረዝም አለ። መራቢያው ሲያልፍ ያን ጌጥ ሁሉ ጥሎ እንደ ሴቲቱ ቡናማና ዥጕርጕር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከድንቢጥ ለመለየት ያዳግታል። ምግብ ፍለጋ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወሩ ቢኖሩም፣ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ እንግዶች አይደሉም። እንግዲህ ወፏ በጥርም በሚያዝያም በሀገራችን ሣር ውስጥ ነበረች፤ የጐደለው የተመልካቹ ዐይን ነው።

ይህን ጉድለት በምን እንሞላዋለን? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። መልሱን ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከወሰን ሰፈር ተነሥተን ወደ የካና ወደ እንጦጦ ኮረብቶች እየወጣን እንፈልገዋለን። መሣሪያችን ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ የሚገኘው ካሜራ ነው። ዘዴያችን ደግሞ ቤተ ሰቡ በየወሩ ለራሱ የሚሰጠው አንድ የፎቶግራፍ ፈተና ነው።

ስለ ስፍራው

ወሰን በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ በላምበረት አድርጎ ወደ ኮተቤና ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ ለጉዳያችን የተስማማ ነው፤ በአንድ ወገን የከተማው ጫጫታ፣ ታክሲውና ሱቁ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የየካ ኮረብታ ስላለ፣ በእርግጥም በሁለት ዓለም ወሰን ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከቤት ሳይርቁ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ዋኔ፣ በቤቱ ክዳን ላይ ድንቢጥ፣ ቆሻሻ በሚጣልበት አካባቢ ጥንብ አንሣና ጭልፊት ማየት ይቻላል። ብዙ ሰው ወፍ ለማየት ሩቅ ሀገር መሄድ የሚያስፈልግ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መጀመሪያው ትምህርት ቤት የራስ ግቢ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ስትሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ እስከ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ኮረብታውን የሸፈነው አብዛኛው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በተቸገረ ጊዜ ለከተማይቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ዳሩ ግን ከሥሩ ብዙ ቍጥቋጦ ስለማይበቅል፣ በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ የሚሄድ ሰው ዝምታው ይሰማዋል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዐለት በተፈለፈለው በየካ ዋሻ ሚካኤል አካባቢ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም፣ በእንጦጦ ራጕኤልም ግቢ ያሉት ዛፎች ለወፍ ማረፊያ ናቸው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው በቆየበት ስፍራ ወፉም ይበዛል። አንድ ተመልካች በባሕር ዛፉ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ በቅጥሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ፣ አባቶች የጠበቁት የሀገር ዛፍ ምን እንደሚያደርግ ያለ ሌላ አስተማሪ ይረዳዋል።

በዚህ ኮረብታ ከሚታዩት መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙ ወይም እጅግ የሚያንሱ ወፎች አሉ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ መንቆሩ እንደ መጥረቢያ የገዘፈ ቁራ አንዱ ነው። ከአንገቷ በስተኋላ ነጭ ምልክት ያለባት ግራጫ እርግብም አለች፤ እርስዋ በገደልና በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ትሰፍራለች። ጎንበስ ባለ ረጅም መንቆሯ መሬት እየወጋች ትል የምትለቅም፣ ከጉሮሮዋ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት ወፍ ደግሞ ንጋትና ምሽት በጩኸቷ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። እነዚህን ሦስቱን ለዓለም ሳይንስ መዝግቦ ያስተዋወቀው በፈረንጆች 1830ዎቹ ወደ ሀገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሦስቱንም ዛሬ የወሰን ልጅ ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ ሊያያቸው ይችላል።

ከእኛ በፊት የተመለከቱ

ተፈጥሮን አተኵሮ ማየት ጥበብን እንደሚወልድ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት ከብዶት ተስፋ በቈረጠ ጊዜ፣ አንዲት ትል ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ስትሳካላት አይቶ ወደ ትምህርቱ መመለሱን፣ ዜማውንም በሦስት ወፎች አማካይነት መቀበሉን ትውፊታችን ይነግረናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያሬድ ትሏን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ አለመሄዱ ነው። እስክትሳካላት ድረስ ቈይቶ ተመለከተ።

በ1919 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ከቺካጎው የፊልድ ቤተ መዘክር የጥናት ጓድ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ወፍ ከሞተ በኋላ የዐይኑ፣ የእግሩና የመንቆሩ ቀለም ቶሎ ስለሚለወጥ፣ ፉዌርቴስ ከጕዞ ድካም በኋላም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ይሥል ነበር። በዚህ ትጋት ከመቶ የሚበልጡ የሀገራችንን አዕዋፍና እንስሳት ሥዕሎች ሠራ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ ዐለፈ፤ በመኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ሳይበላሹ ተገኙ። ሥዕሎቹ ዛሬም የሚደነቁት ስለ እጁ ቅልጥፍና ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ ከማየት የመጣ እውቀት ስላለባቸው ነው።

በዚያ ዘመን ወፍን በቅርብ ለማየት የሚሹ ብዙዎች በመጀመሪያ ይገድሉት ነበር። በአሜሪካ እንዲያውም በገና ቀን ተቧድኖ ወፍ የመግደል ውድድር ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአዕዋፍ ሊቅ በ1893 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1900) በዚያ ቀን ከመግደል ይልቅ እንቍጠር ብሎ ጥሪ አደረገ። በመጀመሪያው ዓመት የተቀበሉት 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ቈጠራውም በ25 ስፍራዎች ተደረገ። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ቈይቶ፣ የትኛው ወፍ እንደ በዛ፣ የትኛውም እንደ ተመናመነ የሚታወቅበት ትልቅ መዝገብ ሆኗል። በሀገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በፈረንጆች 1966 ከተቋቋመ ጀምሮ አዕዋፍን በማወቅና በመጠበቅ ሲደክም ኖሯል። ከጠመንጃ ወደ እርሳስ፣ ከእርሳስ ወደ ካሜራ የተደረገው ጕዞ ይህን ይመስላል። ሦስቱም ዒላማ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ካሜራው ካነጣጠረ በኋላ ወፉ በሕይወቱ ይበራል።

የወራቱ ፈተና

ፈተና ስንል የሚያስጨንቅ ነገር ማለታችን አይደለም። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ለአንድ ወር አንድ ጕዳይ ይመረጣል፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ወደዚያው ስፍራ ይኬዳል፤ በወሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ሰው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ መርጦ ለቤተ ሰቡ ያሳያል፤ ከሥሩም ቀኑን፣ ስፍራውንና ያየውን አንድ ነገር ይጽፋል። ዘመናችንን በአራት ወቅት የከፈለው የአባቶቻችን አቈጣጠርም ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል።

ዓመቱ የሚጀምረው በመስከረም ነውና የመጀመሪያው ፈተና የመስቀል ወፍ ይሁን። ወንዱ ባጌጠበት ወራት ከሣር ጫፍ ላይ ሲያርፍ ይነሣ፤ ሜዳውም በደንብ ይመዝገብ። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል በታኅሣሥ ይመጣል፤ ወደዚያው ሜዳ ተመልሶ ያንኑ ወፍ በቡናማ ልብሱ መፈለግ ነው። ልጁ የታኅሣሡን ፎቶግራፍ ይዞ «አባባ፥ ይህ እኮ ድንቢጥ ነው» ቢል፣ አያቱ «እስቲ ልጄ፥ ጀርባው ላይ ያለውን ዥጕርጕር ከመስከረሟ ሴት ጋር አስተያየው» ሊሉት ይችላሉ። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር የማስተዋል የመጀመሪያ ፊደል ነው። በዚያው ሜዳ ደግሞ ከብቶች ሲግጡ ጭራዋን እያወዛወዘች ከኋላቸው የምትሮጥ ቢጫ ወፍ ልትገኝ ትችላለች። ይህችስ በእርግጥ የሩቅ እንግዳ ናት፤ የሰሜኑን ብርድ ሸሽታ መጥታ በጋው ሲያልቅ ትመለሳለች። የሚመጣውንና የሚኖረውን መለየት እንዲህ ይለመዳል።

በመፀው፣ ሰማዩ በሚጠራበት ወራት፣ ፈተናው ብርሃን ቢሆን መልካም ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለች አስተማሪ በተከዜ ወንዝ ስም በሳይንስ መዝገብ የተጻፈችው፣ ከአበባ ላይ ማር የምትመጥጠው ትንሽ ወፍ ናት። ወንዱ በጥላ ሲያዩት ጥቁር ነው። ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ሆና ስታርፍበት ግን ሐምራዊና ነሐስ መሰል ብርሃን ያንጸባርቃል። ቀለሙ በላባው አሠራር ምክንያት የሚገኝ እንጂ እንደ ቀለም የተቀባ ስላልሆነ፣ ማዕዘኑ ሲለወጥ ይታያል፣ ይጠፋል። በአንድ የእሬት አበባ አጠገብ ተቀምጦ ያችኑ ወፍ በንጋት፣ በቀትርና በሠርክ ያነሣ ሰው፣ ፎቶግራፍ ማለት ነገርን ሳይሆን በነገር ላይ ያረፈውን ብርሃን ማንሣት መሆኑን ይረዳል። ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስከ ጧቱ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ የተመረጠ ነው፤ የቀትሩ ፀሐይ ግን ጥላውን ያጠቍረዋል፣ ነጩንም ያነደዋል።

በበጋ ፈተናው እንቅስቃሴ ይሁን። ከላይ የጠቀስናት ረጅም መንቆር ያላት ወፍ በመንጋ ሆና ጧት ከማደሪያዋ ተነሥታ፣ ማታ ትመለሳለች። በበረራ ላይ ያለን ወፍ ሳይደበዝዝ ለማንሣት የካሜራው መዝጊያ በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ወይም ከዚያ በፈጠነ ጊዜ መከፈትና መዘጋት አለበት። ነገር ግን ከመሣሪያው ፍጥነት ይልቅ የሚጠቅመው ልማዷን ማወቅ ነው። በየትኛው ዛፍ በላይ እንደምታልፍ ሦስት ማታ የተመለከተ ሰው በአራተኛው ማታ ካሜራውን አስቀድሞ ወደዚያ አዙሮ ይጠብቃታል።

በጸደይ ደግሞ አጥንቱንና ቅርጹን እንማር። ያ ባለ ትልቅ መንቆር ቁራ አካሉ ጥቁር፣ ማጅራቱ ነጭ በመሆኑ ካሜራውን ያታልላል፤ ጥቁሩ እንዲታይ ብርሃን ሲጨመር ነጩ ይጠፋል፣ ነጩ እንዲታይ ሲቀነስ ጥቁሩ ጉድጓድ ይሆናል። ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር፣ ለስለስ ባለ ብርሃን ብንሞክረው ሁለቱም ይታያሉ። ከኋላው ያለውም ልብ ይባል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን በመሄድ ብቻ፣ በወፉ ራስ ላይ የበቀለ የሚመስለውን ሽቦ ወይም ቅርንጫፍ ማስወገድ ይቻላል።

ክረምት ሲገባ ኮረብታው በጉም ይሸፈናል፤ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ካሜራውን ያስቀምጣል፤ ይህ ግን ትልቁን ነገር ያስቀርበታል። የክረምቱ ፈተና በአንዲት መስኮትና በአንዲት ሜዳ የተወሰነ ይሁን። ከመስኮቱ በሸረሪት ድር ላይ ያቀረረው ጠብታ፣ በግንቡ ላይ የምትሄደው ቀንድ አውጣ፣ ላባዋን የምታራግፈው ዋኔ አሉ። ዝናቡ ጋብ ሲልም ወደ መስከረሙ ሜዳ ይወጣል። በዚያም በትዕግሥት የተመለከተ ሰው አንድ ቀን ደረቱ ገና ቡናማ ሆኖ ሳለ እዚህም እዚያም ቢጫ ወይም ቀይ ላባ ብቅ ያለበት፣ ልብሱን በመለወጥ ላይ ያለ ወንድ ያገኛል። ያ ፎቶግራፍ ላይማርክ ይችላል፤ ወፉ እንደ ተጣጣፈ ልብስ ያስቃል። ነገር ግን ልጁ በመስከረም ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ እርሱ ነው። ከየትም አልመጣም፤ እዚሁ ሆኖ ተለወጠ።

ጳጕሜን አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ስድስት ቀን ናት። በእነዚህ ቀናት አሥራ ሁለቱ ፎቶግራፎች ተደርድረው ይመዘኑ። የተሻለውን ከመልካሙ መለየት ራሱ ሙያ ነውና፣ ዳኝነቱ በውበት ብቻ አይሁን። «ይህ ሥዕል ምን አስተማረን?» ተብሎ ይጠየቅ። እንዲህ ሲደረግ ውድ ካሜራ ያለው ጐልማሳ በተራ ስልክ ባነሣ ታናሽ ልጅ ሊበለጥ ይችላል፤ ይህም ለሁለቱም ይጠቅማል።

ስለ መሣሪያና ስለ ጨዋነት

የስልክ ካሜራ ሩቅ ያለችውን ወፍ እንደ ነጥብ ያሳንሳታል። ይህን እንደ ጕድለት ከማማረር ይልቅ፣ ወፏን ከነዛፏ፣ ከነሜዳዋ ማንሣት መልመድ ይሻላል፤ የምትኖርበትን የሚያሳይ ሥዕል ዐይኗን ብቻ ከሚያሳየው ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራልና። የርቀት መነጽር ያለው ሰው ደግሞ የስልኩን ዐይን ከመነጽሩ መመልከቻ ላይ ገጥሞ ማንሣት ይችላል። በርከክ ብሎ ከወፏ ዐይን ጋር በአንድ ከፍታ መሆን፣ ትኵረቱንም ዐይኗ ላይ ማድረግ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከሙያው በፊት ግን ጨዋነት ይቅደም። ወደ ጎጆዋ መጠጋት፣ እንድትበር ድንጋይ መወርወር፣ በስልክ የተቀዳ ድምፅ እያሰሙ ማታለል የተገባ አይደለም፤ እናት ወፍ ከጎጆዋ ስትሸሽ እንቍላሉ ይበርዳል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በቅድሚያ ፈቃድ ይጠየቅ፤ በጸሎት ሰዓት ካሜራ አይነሣ። ወደ ኮረብታውም ብቻን መሄድ አይገባም፤ በእንጦጦ ጅብ አለና ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ መንገዱ አይመችም። አባት ወይም እናት ከልጆች ጋር አብረው ቢወጡ ግን ጕዞው ለጤናም ለጨዋታም ይሆናል።

ሜዳው ሲለወጥ

እነዚህ ኮረብቶች በዐይናችን ፊት እየተለወጡ ነው። በእንጦጦ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ መናፈሻ ተከፍቷል፤ በባሕር ዛፉ ስፍራም የሀገር ዛፎችን መልሶ ለመትከል ተሞክሯል። በሌላ ወገን ደግሞ ቤቱና መንገዱ ከየካ ግርጌ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን የመስቀል ወፍ ጎጆዋን በረጅም ሣር ውስጥ ትሠራለችና፣ ሣሩ ከሌለ ወንዱ ቢያጌጥም የሚያርፍበት አይኖረውም።

እንግዲህ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ሌላ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቀንና ስፍራ የተጻፈበት፣ ከአንድ ሜዳ በየመስከረሙ የተነሣ ሥዕል ዐሥር ዓመት ቢጠራቀም፣ ሣሩ መቼ እንደ ጠበበ፣ ወፎቹም መቼ እንዳነሱ ያለ ክርክር ይመሰክራል። ያን ጊዜ የልጁ ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። «የመስቀል ወፍ የት ትኖራለች?» ብሎ የጀመረው ልጅ «የትስ ትኑር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚሰጠው ካሜራው አይደለም። ግቢውን ሁሉ በሲሚንቶ ሳይሸፍን ጥቂት ሣር የሚተው አባወራ፣ ከአጥሩ ሥር ወይራ ወይም ጽድ የምትተክል እመቤት፣ የሰፈሩን ረግረግ ሜዳ የቆሻሻ መጣያ እንዳይሆን የሚከላከል ጐረቤት ነው። እነርሱም ይህን የሚያደርጉት ያችን ዥጕርጕር ወፍ በበጋ ልብሷ ያወቋት እንደ ሆነ ነው። ሰው ያላወቀውን ነገር ሊጠብቅ አይችልምና፣ አንባቢ ሆይ፥ የያዝነው ወር ሳያልቅ ካሜራህን ይዘህ፣ ልጆችህን አስከትለህ፣ በደጃፍህ ካለው ሣር ጀምር።